6 ዓመት ከ8 ወር የሚሆናት ልጅ 1ኛ ክፍል ትግባ ወይስ ትቆይ? (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም። ሐምሌ ላይ እዚህ ያነሳሁት ጥያቄ ከ20 በላይ መልስ አግኝቶ ረዝሟል። አሁን ለምዝገባ የሚሯሯጡ ወላጆች ሁሉን ከላይ እስከ ታች ማንበብ እንደከበዳቸው ጽፈውልኛል። ስለዚህ ጥያቄዬን እንደነበረ አስቀምጬ፣ የተመለሰልኝን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር እነግራችኋለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የምንኖረው ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ልጄ የተወለደችው ጥር 2011 ነው። 3 ዓመት ከ8 ወር ሲሆናት ነርሰሪ ገባች፤ ኤልኬጂን፣ ዩኬጂን ጨርሳ ሰኔ ላይ ገዋን ለብሳ ተመረቀች። የተማረችበት አፀደ ሕፃናት 1ኛ ክፍል የለውም። የሐምሌ ዝናብ እየወረደ ጋቢ ደርቤባት ሰፈራችን ወዳለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወሰድኳት። መዝጋቢዋ የክትባት ካርዷን አይታ፣ መስከረም ላይ 7 ዓመት ስለማይሞላት 1ኛ ክፍል እንደማይመዘግቧት፣ ዜሮ ክፍል (ከ1ኛ በፊት ያለው ቅድመ አንደኛ) ግን ቦታ እንዳለ ነገረችኝ። ልጄ ግን ትልቅ ናት፣ ፊደል ቆጥራለች ብዬ ተከራከርኩ። ሴትዮዋ ሳትቆጣ ልጄን ወደ እሷ ጠርታ ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ግራ ጆሮዋን እንድትነካ አዘዘቻት። ጣቶቿ ከጆሮዋ አንድ ጣት ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። ልጄ የተፈለገው ገብቷት ነው መሰለኝ፣ ጭንቅላቷን ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ ጆሮዋን ነካችው። መዝጋቢዋ አገጯን ይዛ አንገቷን ቀና አደረገችላት፤ ጣቶቹ ተመልሰው ራቁ።

ማታ ለባለቤቴ ወንድም ስነግረው ካርዱን አምጪ አለኝ። 2011 ከሚለው የመጨረሻዋን 1 በእስክሪብቶ ዞር ቢያደርጓት 2010 እንደምትሆን በጣቱ አሳየኝ። ከልጄ በ3 ሳምንት የሚያንስ የሰፈራችን ልጅ ሌላ ቦታ 1ኛ ክፍል መመዝገቡን አውቃለሁ። ዜሮ ክፍል ከገባች ደግሞ የተማረችውን ልትደግም ነው ብዬ አዘንኩ። ምን ላድርግ? ብዬ ነው የጠየቅኩት።

መልስ 1፦ የመጀመሪያዋ መላሽ የቧንቧ ውሃ እናት ናት። በምርቃቱ ደስ ብሏት መረቀችንና አብሽሪ አለችኝ። የእሷ ሁለቱም ልጆች 7 ሞልቷቸው እንደገቡ፣ በመቆየታቸው አንድም ነገር እንዳልቀረባቸው አጫወተችኝ። የልጄን የልደት ወር ደግማ ያረጋገጠችውም እሷ ናት።

መልስ 2፦ የገራዶ አባት ይህን አልተቀበለም። ልጁ 6 ዓመት እንኳ ሳይሞላው በግል ትምህርት ቤት 1ኛ ክፍል ገብቶ አሁን 4ኛ ክፍል ደርሷል፤ በደረጃም ከፊተኞቹ ነው። አእምሮው የደረሰን ልጅ በወር ቆጠራ መያዝ በደል ነው ባይ ነው። ይህን የጻፈው በጨዋነት ነበር፤ ወደ በኋላ ግን ቃሉ እየከረረ ሄደ።

መልስ 3፦ ይህ ሰው የትምህርት ባለሙያ ሳይሆን አይቀርም። እኔንም የገራዶውን አባትም አረመን። የ7 ዓመት ነገር ዘንድሮ የመጣ አይደለም፤ በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የ1ኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ነበር። በ2015 የጸደቀው ፖሊሲ የለወጠው የደረጃዎቹን አከፋፈል ነው፦ ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ። ከሁሉም በፊት የ2 ዓመት ቅድመ አንደኛ አለ፤ ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጆች የታሰበ። ችግሩ የሚመጣው፣ ብዙዎቹ የግል አፀደ ሕፃናት ከ3 ዓመት ጀምረው 3 ዓመት ስለሚያስተምሩ ነው። በ3 ዓመቱ ነርሰሪ የገባ ልጅ በ6 ዓመቱ ዩኬጂ ይጨርሳል፤ እስከ 7 ያለችው አንዲት ዓመት ባዶ ትቀራለች። ልጄ የወደቀችው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር እስከዚያች ሰዓት ድረስ በደል የሠራብኝ ያ ትምህርት ቤት ይመስለኝ ነበር። ነርሰሪ ሳስገባት ግን ይህን ሒሳብ ማንም አላሰላልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

መልስ 4፦ ተመሳሳይ ጥያቄ ያላት እናት ናት፤ መልሱን ለመከታተል ብቻ ገባች።

መልስ 5፦ ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የጻፉት 1ኛ ክፍል ሲያስተምሩ የኖሩ የደሴ መምህርት ናቸው። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ሰነፍ እንዳልሆነ በመናገር ነው የጀመሩት፤ ፊደሉንም ቁጥሩንም ከሌሎቹ እኩል ይዞ ሊመጣ ይችላል። የሚለይበት ሌላ ቦታ ነው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጭንቅላቱን ዴስኩ ላይ ያስተኛል። እርሳሱን በሦስት ጣት ሳይሆን በጭብጡ ስለሚይዝ ግማሽ ገጽ ሳይጽፍ እጁ ይዝላል። ሽንቱ ሲመጣ ለመናገር ይፈራል። የጠዋት ፈረቃ ከሆነ ደግሞ፣ በጥቅምትና በኅዳር የጦሳ ተራራ ብርድ ጣቱን አደንዝዞት የሹራቡን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት በር ላይ ቆሞ ያገኙታል። ከ60 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል አንዲት መምህርት ለስንቱ ትቆልፋለች?

ይህ ሁሉ 1ኛ ክፍል ላይ ያልፋል ይላሉ። ጉዳቱ የሚታየው 3ኛና 4ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ልጁ ማንበብ መማሩን ትቶ እያነበበ መማር ሲጀምር። እሳቸው ያዩዋቸው ልጆች ብዙዎቹ እዚያ ላይ ዝም ማለት ጀመሩ፤ እጃቸውን ማውጣት ተዉ። ሁሉም እንዳልሆኑ፣ የገራዶው ልጅ ዓይነትም እንዳጋጠማቸው በሐቅ ጽፈዋል። ዜሮ ክፍል ድጋሚ ነው ላልኩትም መለሱልኝ፦ በደንብ ከተያዘ ልጁ በጨዋታ፣ በተረትና በመዝሙር የሚማርበት የራሱ ሥርዓተ ትምህርት አለው፤ ዩኬጂ ላይ ደብተር ስትሞላ የኖረች ልጅ ደግሞ ያንን አላገኘችም ይሆናል። ይህ አባባላቸው ልቤን ነካው። ልጄ በ3 ዓመት ውስጥ 11 ደብተር ጨርሳለች፤ ገመድ መዝለል ግን አትችልም።

መልስ 6፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ስለ ጆሮ መንካቱ አስረዳችን። የሕፃን ልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንፃር ትልቅ፣ እጁ አጭር ነው፤ ወደ 6 እና 7 ዓመት ሲጠጋ እጁ ረዝሞ ጆሮው ላይ ይደርሳል። ወረቀት በሌለበት ዘመን ጥሩ መላ ነበር። ነገር ግን በምግብ እጥረት የቀጨጨ የ8 ዓመት ልጅ ላይደርስለት፣ ቁመቱ ያደላለት የ5 ዓመት ልጅ ደግሞ ሊደርስለት ይችላል። ስለዚህ የክትባት ካርድ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ካለ ጆሮው ወረቀቱን ሊሽረው አይገባም፤ በሁለቱም በኩል። ጥርስም ምልክት እንደሆነ አከለች፦ የመጀመሪያዋ ቋሚ መንጋጋ የምትበቅለው 6 ዓመት አካባቢ ነው። ያን ዕለት የልጄን አፍ ከፍቼ አየሁ፤ አንዷ ብቅ ብላለች።

መልስ 7፦ ከዚህ በኋላ የውይይቱ መልክ ተለወጠ። የጻፈችው ኮምቦልቻ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ እናት ናት። ባለቤቷ የለም። የግል አፀደ ሕፃናት ከደመወዟ በላይ ነው፤ በአቅራቢያዋ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍሉ ሞልቷል። ወንድ ልጇን በ6 ዓመቱ 7 ሞልቶታል ብላ 1ኛ ክፍል አስመዝግባዋለች። ከዚያ በፊት ጎረቤት ሳይመቻት ሲቀር በር ዘግታበት ሥራ የገባችባቸው ቀናት ነበሩ። ቆዩ፣ ታገሱ የምንለውን ሁሉ ጠየቀችን፦ በዚያች ዓመት ልጁን ማን ይይዝላታል? ቃሏ የተቆጣ ነበር፤ ግን አንዲት ሐሰት አልነበረበትም።

መልስ 8፦ አንድ ሰው ክፉ መለሰላት። ትምህርት ቤት የልጅ ማቆያ እንዳልሆነ፣ የምትዋሽ እናት ውሸታም እንደምታሳድግ ጻፈ። ይህን ስደግመው እንኳ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ ስለተነሳ መዝለል አልቻልኩም።

መልስ 9 እና 10፦ 9ኛዋ በተራዋ 8ኛውን ገላመጠችው። አንድ ሌሊት ልጅ አቅፎ አድሮ የማያውቅ ወንድ በእናት ላይ አፉን ሊከፍት አይገባም ነው የምትለው። 10ኛው አንድ አባት ናቸው፤ የወሎ ሰው እንዲህ አይነጋገርም ብለው ሁለቱንም ገሠጹ፣ በአላህም በእግዜርም ለምነው ዱዓ አድርገው ወጡ። እኔም ገብቼ 8ኛው ሰው እህታችንን ይቅርታ እንዲጠይቅ ጻፍኩ። አልጠየቀም።

መልስ 11፦ የገራዶው አባት ተመለሰ፤ አሁን በንዴት። 7ኛዋን የሚወቅሱ ሰዎች የራሳቸውን ልጅ ሞግዚት ቀጥረው፣ ግቢያቸው ውስጥ ያሳደጉ ናቸው ይላል። መምህርቷንም ነካ አደረጋቸው፦ ችግሩ የ60 ልጅ ክፍል ከሆነ ክፍሉ ይስተካከል እንጂ ልጁ ለምን ይቀጣል? መምህርቷ በአጭሩ መልሰውለታል፦ በዚህኛው ነጥብ ይስማማሉ፤ ክፍሉ እስኪስተካከል ግን ልጁ የሚቀመጠው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

መልስ 12፦ አንዲት አያት፣ በልጅ ልጃቸው እጅ ያስጻፉት። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት፤ የ6 ዓመቷን ልጅ የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ለምዝገባ ሲሄዱ ወላጅ ይቅረብ ተባሉ። ቀበሌያቸው ልጅቷ ከእሳቸው ጋር እንደምትኖር የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎላቸው ተቀበሏቸው። በወሎ ስንት ቤት እንዲህ እንደሚኖር እናውቃለንና፣ ደብዳቤውን ምዝገባው ሳይጀመር ብትይዙት ከመመላለስ ትድናላችሁ።

መልስ 13፦ ውሳኔዬን የለወጠው ይህ ነው። የጻፈው ወጣት፣ አባቱ 1ኛ ክፍል ሊያስገቡት ዕድሜው ላይ 2 ዓመት ጨምረውበት ነበር። ለአባቱ ያን ቀን ቀላል ነገር ነበር፤ አንድ ቁጥር። ቁጥሯ ከካርድ ወደ ካርድ እየተገለበጠች 8ኛ ክፍል ደረሰች፣ 12ኛም ደረሰች። በመጀመሪያ የጎዳችው በኳስ ነው፦ ከ17 ዓመት በታች ቡድን ሊመረጥ ሲል 16 ዓመቱ ነበር፤ ወረቀቱ ግን 18 አለ። ካደገ በኋላ ፓስፖርት ሊያወጣ ሲሄድ በትክክለኛው ዕድሜው ያወጣው የልደት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ማስረጃው አልተገናኙም። ፍርድ ቤት፣ ምስክር፣ እንደገና ቢሮ፤ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ አለቀ፤ አግኝቶት የነበረው የውጭ አገር ሥራም አለፈው። አባቱን አይወቅስም። አባቱ አሁን በሕይወት የሉም፣ ያደረጉትም ለእሱ ብለው ነው። ግን እኔን በቀጥታ ለመነኝ፣ ያችን 1 እንዳልነካት።

ያን ሌሊት ካርዱን ከሳጥን አውጥቼ ብዙ አየሁት። ያቺ 1 የአዋላጇ ነርስ የእጅ ጽሑፍ ናት፣ ወደ ቀኝ ትንሽ ጋደል ያለች። ጥቅምት 2014 ደሴን ለቀን ስንወጣ ልጄን አዝዬ፣ ይህን ካርድ በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ነው የያዝኩት። ስንመለስ ቤቱ ውስጥ የቀረው ሁሉ አልነበረም፤ ካርዱ ግን ከእኔ ጋር ነበር።

መልስ 14 እስከ 18፦ ወሬው ከመንገዱ ወጣ። ስለ ምርቃት ገዋን ኪራይና ስለ ፎቶው ዋጋ ብዙ ተባለ። አንዱ፣ የግል አፀደ ሕፃናት የጨረሰች እህቱ ልጅ የእንግሊዝኛውን ፊደል ከነዘፈኑ ታውቃለች፣ ከ«ሸ» በታች ግን ሀሁን አትለይም ሲል፤ ሌላው የኔታ ዘንድ በ4 ዓመቱ ከአቡጊዳ እስከ ዳዊት የደገመበትን ጊዜ አነሳ፤ አንዲት እህት ደግሞ መድረሳ ውስጥ ትንሹም ትልቁም አብሮ እንደሚቀራ፣ ዕድሜ የሚጠይቅም እንደሌለ። ከዚያ ደሴ ይሻላል ኮምቦልቻ የሚለው የዱሮ ክርክር ተነሳ፤ ብርዱና ሙቀቱ፣ የሐረጎ ቁልቁለት፣ የታክሲው ወረፋ። 17ኛው በወይዘሮ ስህን መማሩን በኩራት አስታወሰን፤ ስሙ የእቴጌ መነን እናት የወይዘሮ ስህን ሚካኤል መሆኑን የማታውቁ ካላችሁ እወቁት ብሎ። 18ኛዋ ልጅቷ ምን ሆነች? ብላ ሁላችንንም መለሰችን። አመሰግናታለሁ።

መልስ 19፦ ሰነድ የጠፋባቸው አባት። በ2014 ቤታቸው ሲዘረፍ የክትባት ካርዱም የሆስፒታሉም ወረቀት ጠፋ። አሁን ልጃቸው 7 ሞልቶታል፣ የሚያስረዳላቸው ግን የለም፤ እጁ አጭር ስለሆነ ጆሮውም አይመሰክርለትም። የእኔን ጉዳይ ካነበቡ በኋላ ይህን ሲጽፉ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ ያለኝን እውነተኛ ወረቀት ላበላሽ ሳስብ፣ እሳቸው አንድ እውነተኛ ወረቀት ፍለጋ ይንከራተታሉ።

መልስ 20፦ 8ኛው ሰው ተመልሶ ለእሳቸው መለሰላቸው፤ አሁን በሌላ አንደበት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ያለፈበትም ግን በዘገየ ምዝገባ ይመዘገባል። ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ የራሱ መዝገብ ሊኖረው ስለሚችል መጀመሪያ እዚያ ይጠይቁ፣ ከዚያ ሁለቱም ወላጆች መታወቂያ ይዘው ወደ ቀበሌያቸው ይሂዱ ብሏል። አባትዬው በኋላ እንደጻፉት ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ የልጁ ስም ተገኝቷል። ለዚህ 8ኛውን ሰው አመሰግናለሁ። የ7ኛዋን ነገር ግን አሁንም አልዘጋውም።

መልስ 21፦ በጣም ያመመኝ መልስ ነው። ጸሐፊዋ ገና ስጠይቅ መልሱን አውቀው እንደነበር፣ ሰው ሰብስቤ የፈለግኩት አይዞሽ የሚለኝ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ሁለት ቀን ተናደድኩባት። እውነት አላት። አንድም ሰው 1ዋን ዞር አድርጊያት ብሎ ቢያደፋፍረኝ ኖሮ አደርገው ነበር።

መልስ 22፦ መምህርቷ በመጨረሻ ዝግጅትን በሚመለከት የጻፉት ነው። ለመስከረም ከደብተር ይልቅ ልጁን ጫማውን ማሰር፣ ቁልፉን መቆለፍ፣ ሽንት ቤት ብቻውን መሄድና ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ጮክ ብሎ መናገር አስተምሩት። ማታ ማታ ተረት ንገሩት፣ መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ሌላው ይደርሳል።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ነሐሴ ላይ ልጄን ይዤ ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመለስኩ። መዝጋቢዋ ያችው ናት። ካርዱን ተቀብላ መዝገቡ ላይ ጥር 2011 ብላ ጻፈች፤ ለ6 ዓመት ልጆች ቅድመ አንደኛ። የባለቤቴ ወንድም እስካሁን አኩርፎኛል። ልጄ በመጀመሪያ አለቀሰች፤ ገዋን የለበሰ ሰው ተመልሶ አይማርም ብላ። ግቢው ውስጥ ዥዋዥዌ ስታይ ግን እጄን ለቅቃ ሄደች። ቤት ውስጥ በየቀኑ ጆሮዋን ትለካለች። ትናንት ሹሩባ ስሠራላት እጇን ከሥሬ አሾልካ በአናቷ ላይ አሳለፈች፤ የመሐል ጣቷ ጥፍር ጆሮዋን ጫር አደረገው። አንገቷን አላዘነበለችም፤ አይቻለሁ።

7ኛዋ እህቴ ከዚያን ቀን ወዲህ አልጻፈችም። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ በርበሬ ወንዝ አካባቢ፣ ቅድመ አንደኛ ቦታ ያለው፣ ወይም እናቶች ከፈረቃ እስኪወጡ ልጅ የሚያቆይ ሰው ወይም ቦታ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። መስከረም ሳይገባ እፈልጋታለሁ።